ለእማማ ባና፣ ለጓሳ መንገድ ሰዎች

እነሆ ደህና ገብተናል። አምስታችንም፣ ድንኳኑም፣ መኪናውም አርባ ምንጭ ነን። ትንሿ ልጃችን ድናለች፤ ትናንት ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትሯሯጥ ዋለች። ደውላችሁ ያጣችሁን፣ መልእክት ልካችሁ መልስ የቀረባችሁ ሁሉ ይቅርታ አድርጉልን። በመንዝ፣ ጓሳ በተባለው ሳራማ ደጋ በድንኳን ሳለን ትንሿ ልጃችን ሌሊት ትንፋሽ አጠራት፤ መኪናችንም ተሰበረ። የዚያን ሌሊት ነገር አብዛኞቻችሁ ስለሰማችሁት ዝርዝሩን አልደግመውም። ትንፋሿ ሲቆራረጥ የሰማሁት ድምፅ እስከ አሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ይብቃኝ።

እማማ ባና የሚለው ልጆቼ ያወጡላቸው ስም ነው። እውነተኛ ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። «ምን ሠራሁና ነው ስሜ አደባባይ የሚወጣው?» ብለው ተቆጡኝ። ቃላቸውን አከብራለሁ። ቤታቸው ከጓሳ ወደ መሃል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። የአካባቢው ሰው ግን ማንን እንደምል ያውቃል።

በእኩለ ሌሊት በራቸውን ስናንኳኳ ማን ናችሁ አላሉም። «ግቡ፣ ግቡ፤ ልጅ ይዛችሁ ብርድ ላይ አትቁሙ» ብለው ከፈቱልን እንጂ። ኩበቱን ከምድጃው ጎተት አደረጉና የልጄን አተነፋፈስ አንድ ጊዜ ሰምተው «ጭስ አይስማማትም» በማለት ከእሳቱ አርቀው በሩ አጠገብ መደቡ ላይ አስቀመጧት። የራሳቸውን ባና አወረዱላት። ባና ለማታውቁት፣ ከመንዝ በግ ጠጉር ሴቶች ፈትለው ወንዶች የሚሠሩት ከባድ ብርድ ልብስ ነው። እግሮቿን ጭናቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው እያሹ፣ ትንፋሿ ዝግ እስኪል ከእሷ ጋር አብረው ይተነፍሱ ነበር። እኔ እናቷ ቆሜ አለቅሳለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ፤ አንቺን ስታይ ነው የምትፈራው» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። እውነታቸውን ነበር።

ከዚያ ደግሞ ባለቤቴን ይዘው «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጀመሩ። አማቼ የመንዝ ሰው ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ወደ ደቡብ ወርደው እዚያው ቀሩ። ይህን ሁሉ መንገድ ድንኳን ጭነን የተጓዝነውም ልጆቹ የአያታቸውን አገር እንዲያዩ ነው። እማማ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ቆጠሩ፤ ባለቤቴ አራተኛው ላይ ቆመ። ምንም ዝምድና አልተገኘም። «እንግዲያማ ባዳ ናችሁ፤ ዘመድ ብትሆኑ ኖሮ ውኃውን ራሳችሁ ትቀዱ ነበር» ብለው ሳቁና ቡና አፈሉልን። በዚያ ሌሊት የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ጎህ ሳይቀድ በዚያ ያለፈው የአይሱዙ ሾፌር እኔንና ልጄን አሳፍሮ መሃል ሜዳ አድርሶናል። ገንዘብ ሳወጣ ዘወር ብሎ እንኳ አላየኝም። ወንድሜ፣ ስምህን ሳልጠይቅህ ወረድኩ፤ ይህን ካነበብህ ድምፅህን አሰማኝ። በጤና ጣቢያው የተቀበለችን ነርስም ተረኛ ሆና ሌሊቱን ሙሉ ያላረፈች መሆኗ ዓይኗ ላይ ይታይ ነበር፤ እጇ ግን አልቸኮለም። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ወደ እማማ ልመለስ፤ ዋናውን ገና አልተናገርኩም።

እኔ በሌለሁበት የሆነውን ባለቤቴ ነው የነገረኝ። የመኪናው የኋላ ባሌስትራ ተሰብሯል፤ መለዋወጫ የሚገኘው ደብረ ብርሃን ነው። የመንደሩ ወጣቶች ከጓሳ ሳር በተገመደ ገመድ ሊያስሩት ሞከሩ። የጓሳ ሳር ቤት ይከድናል፣ ገሳ ይሆናል፣ ገመድም ይወጣዋል፤ የተጫነ መኪና ግን አልቻለም። እማማ በር ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ወደ ውስጥ ገቡ። የሆነ ነገር ሲጎተት ተሰማ። ሲወጡ አንድ እቅፍ ጠፍር ይዘዋል።

የባላቸውን አልጋ ጠፍር ፈትተው ነው የመጡት። የሟች ባላቸውን አልጋ! ባለቤቴ እንዴት ይሆናል ብሎ እጁን ሰበሰበ። «ሰውየው ከሄደ ወዲህ የተኛበት የለም፤ ባዶውን ከሚቆም ልጅ ያድርስ» አሉት። ወጣቶቹ ጠፍሩን ውኃ ውስጥ ዘፈዘፉት፤ ጥሬ ቆዳ ርሶ ከታሰረ ሲደርቅ እየጠበቀ ይሄዳልና። ከስብራቱ ሥር የወይራ እንጨት ደግፈው ጠመጠሙት፣ ፀሐይ ላይ አቆሙት። ከሰዓት በኋላ እንደ ብረት ሆነ። በዚያ ጠፍር መሃል ሜዳ ሄዶ እኛን ይዞ፣ በመዘዞ በኩል አድርጎ፣ ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አልፎ፣ ደብረ ብርሃን አስገባን። መካኒኩ መኪናው ሥር ገብቶ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ይህን ያሰረ እጅ ይባረክ» አለ፤ ለመፍታትም ከመጠገን ባልተናነሰ ደከመ። ቆርጠህ ጣለው ስላላልነው ተገርሟል። ጠፍሩ አሁን ሳሎናችን ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አለ። የጓሳን ጥብቅ ስፍራ ከሚጠብቁት አንዱ፣ ድንኳን ስንተክል መጥቶ «ረባዳው ላይ ውርጭ ይተኛል፤ ወደ ሽንጡ ውጡ» ብሎን ነበር። ሜዳው ለጥ ያለና ለልጆች የተመቸ ስለመሰለኝ፣ ደግሞም አሥራ አንድ ሌሊት በድንኳን አድሬ ሁሉን ያወቅሁ ስለመሰለኝ፣ በማይገባ አነጋገር መለስኩት። እኛ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምንኖር ቆለኞች ነን፤ እዚያ ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ነበርን። የሰዎቹ አባቶች ያን ሳር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲዘጉና ሲከፍቱ፣ በተራ ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። ውርጭ የት እንደሚተኛ ሊያስተምረኝ የሚችል ሰው ቢኖር እሱ ነበር። ሌሊት ስንጮህ ፋኖስ ይዞ ቀድሞ የደረሰውም እሱው ነው። «ነግሬያችሁ ነበር» የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም። ወንድሜ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ደግሞ ጉዞው ሁሉ መከራ ነበር ተብሎ እንዳይታሰብ። ከዚያ ሌሊት በፊት የነበረው ቀን ልጆቼ ካዩት ሁሉ የበለጠ ነበር ይላሉ። ጭላዳዎቹ በመቶ ተሰብስበው ሳር ሲነጩ፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታደባ አይተዋል። ታላቁ ልጄ ጅብራ ከሚባለው ረጅም የደጋ ተክል አጠገብ ቆሞ ቁመቱን ሲለካ የተነሳው ፎቶ አለ፤ ጅብራው ይበልጠዋል። አንኮበርንም ያየነው በጥሩ ቀን ነው። ሐይቅና ላሊበላ ለሌላ ጊዜ ቀርተዋል።

ሐዋሳ ላይ ያሳደሩን ዘመዶች፣ ላንጋኖ ዳር ማገዶ ያካፈሉን፣ አዲስ አበባ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ያዋሱን የባለቤቴ ወንድምና ቤተሰቡ፣ ደብረ ብርሃን ላይ መኪናው እስኪሠራ ሦስት ቀን ቤታቸውን የለቀቁልን፣ የሥራ ባልደረቦቻችን፣ የዕድርና የማኅበር ወገኖቻችን፣ በጸሎት ያሰባችሁን ሁሉ፣ ክፉ አይንካችሁ። የዘለልኳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የረሳኋችሁ ከውለታችሁ ማነስ ሳይሆን ከድንጋጤዬ ነውና አትቀየሙኝ። መኪናውን ከገፉት ወጣቶች መካከል የቢጫ ሹራብ ለባሹን ብቻ ነው መልኩን የማስታውሰው፤ ሌሎቻችሁ ስንት እንደነበራችሁ እንኳ አልቆጠርኩም።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። እማማ ስልክ የላቸውም፣ ጽሑፍም አያነቡም። የመሃል ሜዳ ወይም የዚያ መንገድ ሰው የሆነ፣ ይህን ያየ፣ በዚያ ሲያልፍ ጎራ ብሎ ያንብብላቸው። ስማቸው እንዳልተጻፈ አስቀድሞ ይንገራቸው፤ አለበለዚያ አያስጨርሱትም።

እማማ፣ ባናውን በሚመጣ ሰው እልካለሁ ብዬ ነበር። ልጅቱ አልሰጥም አለች። አርባ ምንጭ ላይ፣ በዚህ ሙቀት፣ ላቧ እየወረደ ባና ለብሳ ትተኛለች፤ ሌሊት እገፍፍላታለሁ፣ ጠዋት ተመልሳ ተጠቅልላበት አገኛታለሁ። ለጥምቀት ራሷ ይዛው ትመጣለች። ባለቤቴም አልጋውን በእጄ መልሼ ካልጠፈርኩ ብሏል። በዕድሜው አልጋ ጠፍሮ አያውቅም፤ ጥሩ ቁርበት ግን ከአሁኑ እያፈላለገ ነው።