ለዘገየ ጥያቄህ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ዝም ያልሁህም ቂም ይዤ ሳይሆን፣ የጠየቅኸኝን ሳልመልስ የእግዜር ሰላምታ ብቻ መላክ ስላሳፈረኝ ነው። «የግጭቱ ተዋናዮች» ብዬ ብተረጉም ያስኬዳል ወይ ብለኸኝ ነበር።

«ተዋናይ» የሚለው ቃል ከግእዙ «ተዋነየ» የመጣ ነው፤ ተጫወተ፣ ቀለደ ማለት ነው። የቅኔው ሊቅ የጎንጁ ተዋነይ ስምም ከዚሁ ሥር የሚቀዳ ይመስለኛል፤ በቃል መጫወትን ከእርሱ በላይ ማን ያውቅበታል? እኔን የሚደንቀኝ ግን ግሱ አማርኛ ከገባ በኋላ የደረሰበት ነው። በግእዙ «ተ» ከውጭ የምትጨመር ፊደል ስትሆን፣ እኛ «ተገረፈ» ብለን «ይገረፋል» እንደምንለው «ይዋነያል» በማለት ፈንታ «ይተውናል፣ መተወን፣ ትወና» እያልን እንግዳዋን የቤት ልጅ አደረግናት፤ የቤት ልጅ የነበረችውን «የ»ን ደግሞ ከግሱ አስወጣናት። እርሷ በ«ተዋናይ» እና በ«ተዋንያን» ላይ ብቻ ቀርታለች። («ተዋንያኖች» ሲባል ስሰማ ዛሬም ጆሮዬን ያመኛል።)

የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ እንኳ መድረክ ላይ የሚቆም ሰው ለረጅም ጊዜ «አዝማሪ» እየተባለ ይናቅ ነበር፤ «ዘመረ» ከሚለው ንጹሕ ግስ የወጣው ቃል እንዴት ስድብ እንደሆነ እንጃ። አባትህ ወደ ድራማ ክበባችን መጥተው «ልጄን አዝማሪ ልታደርጉት ነው?» ያሉበትን ቀን መቼም አትረሳውም። መምህራችን «አዝማሪ ሳይሆን ተዋናይ ነው» ቢሏቸው፣ ግእዝ አዋቂው አባትህ «ተዋናይማ ተጫዋች ማለት አይደል? ይባስ ብሎ!» ብለው በጆሮህ ይዘው ወሰዱህ።

ለጥያቄህ የምሰጠው መልስ ከዚያ ቀን የተቀዳ ነው። በዜና የምንሰማቸው «የገበያ ተዋናዮች» እና «የፖለቲካ ተዋናዮች» ከእንግሊዝኛው «አክተር» የተገለበጡ ናቸው፤ የዚያ ቃል ሥሩ ግን ማድረግ ስለሆነ፣ መድረክ ላይ ያለውንም ከመድረክ ውጭ ድርጊት የፈጸመውንም ሳይቸገር ይጠራል። የእኛው ሥሩ ጨዋታ ነው። መንደር ያቃጠለን ሰው ተዋናይ ስትለው፣ ሳታስበው ድርጊቱን ጨዋታ ታደርግለታለህ፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ይህን ቢያነብ ምን ይላል? ስለዚህ የሚዋጉትን «ተፋላሚ ወገኖች»፣ ከኋላ ያሉትን «እጃቸው ያለበት» ብትል እመርጣለሁ። «የፖለቲካ ተዋናይ» በሚለው ግን አልከራከርህም፤ እዚያ ላይ ቃሉ አንዳንዴ ልኩን ያገኛል።

ጽሑፉን ካስረከብህ ቆይተህ ይሆናል፤ ምን ብለህ እንደተረጎምኸው ጻፍልኝ። አባትህንም እጅ ንሣልኝ።

ወዳጅህ