ከቅጠል ቢሠራም ብር ብር ነው

ለተከበሩ የዝግጅት ክፍል ኃላፊ፣

በዕፅዋት አማካይነት በሚሠራ የብር ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ የብር ብናኝ) ውሃ ስለማጣራት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ወድጄዋለሁ። «ከዕፅዋት ስለሚሠራ ጉዳት የለውም» የምትለዋ አረፍተ ነገር ግን አልዋጥልሽ አለችኝ።

ሥራዬ ውሃ መመርመር ነው። ነገሩን በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁ። የሽፈራው ቅጠል በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ አጠለልኩ። ከዚያ ሲልቨር ናይትሬት የተባለ የብር ጨው የሟሟበት ውሃ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረግኩት። ቢከሩ (የላቦራቶሪ ብርጭቆው) ውስጥ የነበረው ጥርት ያለ ፈሳሽ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቆይቶ ቡናማ ሆነ። የቅጠሉ ቀለም እንዳይመስላችሁ፤ የብር ቅንጣቶቹ ብርሃን ሲውጡ ነው እንዲያ የሚሆነው። (ብር ስል ማዕድኑን ነው፤ ገንዘቡንማ ማን አግኝቶ!)

ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፖሊፊኖሎች የተባሉ ንጥረ ነገሮች ለብር አዮኖች (ኤሌክትሮን ለጎደላቸው የብር አቶሞች) ኤሌክትሮን ይሰጣሉ፤ ብሩም ከ100 ናኖሜትር ያነሰ ቅንጣት ይሆናል (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። የቅጠሉ ንጥረ ነገሮች ደግሞ ቅንጣቶቹን ሸፍነው እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ። በዚህም ለዚሁ ሥራ የምንጠቀምበትን ኃይለኛ ኬሚካል ያስቀሩልናል። ቀላል ውለታ አይደለም። ባክቴሪያውን የሚገድለው ግን ብሩ ነው። እሱ ደግሞ ከየትም ይምጣ ከየት ያው ብር ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ከምን ተሠራ?» ሳይሆን «ውሃው ውስጥ ስንት ብር ቀረ?» ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር እስከ 0.1 ሚሊግራም ብር ለጤና አያሰጋም ይላል። ጽሑፋችሁ ይህን ቁጥር አላነሳም።

ሌላም አለ። አንድ ቀን እኩል መጠን ያለው የብር ቅንጣት ለጠራ ውሃና ለድፍርስ ውሃ ጨመርኩ። በማግስቱ የሁለቱን ውሃ ናሙና ያኖርኩባቸውን ሳህኖች ከኢንኩቤተር (ባክቴሪያ ከሚያድግበት ሙቅ ሳጥን) ሳወጣ የጠራው ባዶ ነው። የድፍርሱ በባክቴሪያ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ቆሻሻው ብሩን ይዞ አስቀርቶታል። ድፍርስ ውሃ መጀመሪያ መጥለል አለበት፤ ይህን ደረጃ የሚያስቀር ቴክኖሎጂ እስካሁን አላየሁም። ክሎሪንንም ቢሆን ድፍርስ ያደክመዋል።

እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ ቅንጣቱን ከሸክላ፣ ከአሸዋ ወይም ከከሰል ጋር አጣብቆ ማጣሪያ መሥራቱ ነው። ያኔ ውሃው ያልፋል፣ ብሩ በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ያኔም ቢሆን ውሃው ውስጥ የሚገባው ብር በየጊዜው ይለካ።

ያችን ቡናማ ቢከር ለመጣ ጎብኚ ሁሉ አሳያለሁ። «ልቅመሰው» የሚል ካለ ግን እጁን እይዘዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የውሃ ላቦራቶሪ ባለሙያ