ስድስት አልጋ ያላት ጎጆ

ውድ አባላት፣

ለሚቀጥለው ውይይታችን ስለመረጥነው ቤት፣ ስለ ክራንሊ የመንደር ሆስፒታል፣ ቀድማችሁ እንድታስቡበት ይህችን ልላክላችሁ።

ክራንሊ በእንግሊዝ አገር፣ በሰሪ አውራጃ የምትገኝ መንደር ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች የነበሩት በከተማ ስለሆነ፣ እግሩ የተሰበረ የመንደር ሠራተኛ በጋሪ እየተንገጫገጨ እስኪደርስ ጉዳቱ ይብስበታል። የአካባቢው ሐኪም አልበርት ናፐር መፍትሔውን እዚያው መንደሩ ውስጥ ፈለገ። ቄሱ አንዲት አሮጌ ጎጆ ያለ ኪራይ ሰጡት፤ እ.ኤ.አ. በ1859 ስድስት አልጋ ገብቶባት ሆስፒታል ሆነች። ቤቱ የተሠራው ለመኖሪያ ነውና ታካሚው የሚተኛው የራሱን በመሰለ ክፍል ነበር።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የገንዘቡ ነገር ነው። የከተማዎቹ የበጎ አድራጎት ሆስፒታሎች ድሃውን በነጻ ሲያክሙ፣ እዚህ ታካሚው እንደ አቅሙ በየሳምንቱ ጥቂት ይከፍላል፤ የጎደለውን የአካባቢው ሰው ያዋጣል። መጀመሪያ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። ግን የከፈለ ሰው ራሱን እንደ ተመጽዋች አያይም።

ሐሳቡ ወደ ሌሎች መንደሮችም ተዛመተ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ሆስፒታሎች ተከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1948 ብሔራዊው የጤና አገልግሎት ሲቋቋም ብዙዎቹ ወደ መንግሥት ዞሩ።

የድሮ ፎቶግራፍ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።