ክረምትና እባብ በሐዋሳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ክረምት በገባ ቁጥር ሐይቁ ዳር የምንኖር ሰዎች እባብ ቤት ገባ፣ ባጃጅ ውስጥ ተገኘ እያልን እንጯጯሃለን። ምን ያስገርማል? ጉድጓዱን ጎርፍ ሲሞላበት ደረቅ ቦታ ይፈልጋል፤ አይጥና እንቁራሪት ካገኘ ደግሞ እዚያው ይከርማል። የሰፈራችን ቦይ በቆሻሻ ተደፍኖ፣ ባዶ ቦታውን ሣር ውጦት እያለ እባቡን ብቻ መርገም አይገባኝም። የሚመለከተው አካል ቦዩን ያስጠርግልን፤ እኛም የበር ስር ክፍተት እንድፈን፣ ጫማችንን አራግፈን እናድርግ፣ ሾፌሮችም ጠዋት ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ወንበር ስር ይዩ።

በጣም የሚያናድደኝ ግን የተነደፈን ሰው በምላጭ መብጣትና በገመድ ጥፍር አድርጎ ማሰር ነው። ጉዳቱን ያባብሳል እንጂ መርዙን አያወጣም! ቀለበት ካለው አውልቁለት፣ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንዳያንቀሳቅስ አድርጋችሁ ቶሎ ሆስፒታል አድርሱት።

የሐዋሳ ነዋሪ