እጅዎን በበረኪና አይታጠቡ

ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተከበሩ አባቴ
ጎንደር፣ አዘዞ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማማስ እንዴት ናት? እኛ፣ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፣ ሁላችንም ደህና ነን።

እሁድ ዕለት በስልክ የነገሩኝ ነገር ከልቤ ስላልወጣ፣ መስመሩም እየተቆራረጠ ከተናገርሁት ግማሹ ሳይደርስዎ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ስለሰጋሁ፣ መነጽርዎን አድርገው በእርጋታ እንዲያነቡት ሐሳቤን በጽሑፍ ማድረጉን መረጥሁ። ከተወለደች ሁለት ሳምንት ያልሞላት ጥጃ ተቅማጥ ይዟት ጋጣውን በባዶ እጅዎ ሲያጸዱ ዓይነ ምድሯ እስከ ክንድዎ ድረስ እንደነካዎ፣ በቀኝ እጅዎ ጣት ላይም አጥር ሲያጥሩ እሾህ የቧጠጠው ቁስል እንደነበረ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥተው በየሰዓቱ እጅዎን ውኃ ባልነካው በረኪና እንደሚታጠቡ፣ ጎረቤትዎም የከብት በሽታ በቆዳ ይገባል፣ ከገባም መድኃኒት የለውም እንዳሉዎ፣ በዚህም የተነሣ ላሚቱን ከነጥጃዋ ለመሸጥ እንዳሰቡ ነግረውኛል።

ላሚቱን ይሽጡ እያልሁ ስጨቀጭቅዎ ዓመታት እንዳለፉ ያውቃሉ። አሁን በፍርሃትዎ ላይ ፍርሃት ጨምሬ «አላልሁም ነበር?» ብል ነገሩ በአንድ ቀን ያልቅልኝ ነበር፤ ነገር ግን እውነት ስላልሆነ አላደርገውም። ላሚቱን ከሸጡ ጉልበትዎ ስለደከመ ይሽጧት፤ እበት ስለነካዎ ግን መሸጥ የለብዎትም።

ያልተቧጨረ፣ ያልተላጠና ያልተሰነጠቀ ቆዳ በከብት ዓይነ ምድር ውስጥ ያሉትን አብዛኞቹን ተሕዋስያን አያሳልፍም። ኢ ኮላይ፣ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉት ባክቴሪያዎች፣ እንዲሁም በትንንሽ ጥጆች ተቅማጥ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ክሪፕቶስፖሪድየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ሰውን የሚያሳምሙት በአፍ ሲገቡ ነው። እበት የነካ እጅ በደንብ ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ፣ ጥርስ ሲጎረጉር፣ ላብ ሲጠርግ ከንፈር ሲነካ ያን ጊዜ መንገድ ያገኛሉ። አያቶቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ እበት በእጃቸው እየለወሱ ቤት የለቀለቁት፣ ኩበት የጠፈጠፉት፣ ክንዳቸው ላይ የነካቸው እበት ብቻውን ስለማይገድል ነው። (ምንም አልሆኑም ለማለት ግን አልደፍርም፤ በየቤቱ ሕፃናቱን ይጥል የነበረው ተቅማጥ ከየት እንደመጣ ማን ጠይቆ ያውቃል?)

ጎረቤትዎ ግን ጨርሰው አልተሳሳቱም፤ ጤነኛ ቆዳን ሰርስረው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው የውሻ ወይም የድመት ዓይነ ምድር በወደቀበት እርጥብ አፈር ላይ ሲቆም፣ የእነዚህ እንስሳት መንጠቆ ትል እጭ ከቆዳው ሥር ገብቶ የሚያሳክክና እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቀይ መስመር ይሠራል፤ ያስቸግራል እንጂ ለሞት የሚያሰጋ አይደለም፤ በመድኃኒትም ይድናል። ከጣና ዳር ያሉ ዘመዶቻችን የሚያውቁት ቢልሃርዝያም በቆዳ ይገባል፤ ነገር ግን እርሱ የሚመጣው ከሰው ዓይነ ምድርና ከቀንድ አውጣ ጋር ከተገናኘ ውኃ ነው፤ ከጥጃ ጋጣ አይመጣም። ስለ ግቢው ውሻ የጠየቁኝንም ልመልስ፦ የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ፣ በንክሻና በቁስል ላይ በመላስ እንጂ የውሻን ዓይነ ምድር በመንካት አይተላለፍም። ከውሻው ይልቅ የሚያሳስበኝ በዓል ሲመጣ ውኃ የቋጠረ እብጠት ያለበት ጉበትና ሳንባ የሚወረወርለት መሆኑ ነው፤ በዚያ እብጠት ውስጥ ያለው የትል እጭ በውሻው አንጀት ያድግና እንቁላሉ በውሻው ዓይነ ምድር ይወጣል፤ ባልታጠበ እጅ ተመልሶ ወደ ሰው አፍ ይገባልና እንዲህ ያለውን ሥጋ ይቅበሩት።

አሁን ወደ በረኪናው ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ እርሱ ነውና። በረኪና የተሠራው ለወለልና ለነጭ ልብስ ነው። ሳይበረዝ ቆዳ ላይ ሲፈስ የቆዳውን ቅባት ያነሣል፣ ያቃጥላል፣ ያደርቃል፣ በመጨረሻም ይሰነጥቃል። እርስዎ እንደነገሩኝ የጣቶችዎ መገጣጠሚያ መላጥ ጀምሯል። እንግዲህ ጀርም እንዳይገባ ብለው ያደረጉት ነገር ጀርም የሚገባበትን ቀዳዳ እየከፈተ ነው፤ ሌባ ፈርቶ በሩን ነቅሎ እንደመጣል ያለ ሥራ ነው። የሚገርመው ደግሞ በጥጃዋ ተቅማጥ ውስጥ ሊኖር የሚችለው ክሪፕቶስፖሪድየም ለበረኪናም ሆነ እጅ ላይ ለሚቀባው አልኮል የማይበገር መሆኑ ነው። እርሱን የሚያስወግደው በሳሙና እያሹ በሚፈስ ውኃ አጥቦ ማውረድ ነው። ተሕዋሱን መግደል አያስፈልግም፤ ከእጅዎ ላይ ተጠርጎ ከሄደ በቂ ነው።

ስለዚህ ከጋጣ ሲወጡ የልብስ ሳሙናም ይሁን የገላ፣ ያገኙትን ይያዙና ከጀሪካኑ በሚንቆረቆር ውኃ መዳፍዎን፣ የእጅዎን ጀርባ፣ በጣቶች መካከልና ከጥፍር ሥር ይሹ። ጊዜው ቢያንስ 20 ሴኮንድ ነው፤ ሰዓት መመልከት ሳያስፈልግዎ «አባታችን ሆይ»ን ሳይቸኩሉ አንድ ጊዜ ቢደግሙ ይበቃል። በሳህን ውኃ ነክሮ ማውጣት አይበቃም። ሳሙና ካለቀ አመድ ከምንም ይሻላል። ካደረቁ በኋላ ቫዝሊን ይቀቡ፤ ለወጣት ቅንጦት ሊሆን ይችላል፣ ለእርስዎ ቆዳ ግን መድኃኒት ነው። ይህን ሁሉ ስጽፍልዎ አዲስ ነገር እንዳልነገርሁዎ አውቃለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር ሳኒተሪያኖችንም (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) ያሠለጥን ስለነበር፣ ስለ እጅ መታጠብና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ከእነርሱ የሰሙትን እርስዎ ራስዎ ለእኛ ያስተምሩን ነበር።

እውነተኛው ሥጋቴ የእሾሁ ቁስል ነው። መንጋጋ ቆልፍ፣ በሐኪሞች አጠራር ቲታነስ፣ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘሩን በአፈር ውስጥና በእንስሳት ዓይነ ምድር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያቆያል፤ በፈረስና በአህያ ፋንድያም፣ በከብት እበትም ይገኛል። ባልተቆረጠ ቆዳ አይገባም፤ እንደ እሾህ ውጋት ባለ ጠባብና ጥልቅ ቁስል ግን ይመቸዋል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ መንጋጋ ይጠነክራል፣ መዋጥ ያስቸግራል፣ አንገትና ሆድ ይገተራል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማከም እጅግ ከባድ ሲሆን አስቀድሞ መከላከሉ ግን የአንድ መርፌ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉልኝ። በአገራችን የሕፃናት መደበኛ ክትባት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ እርስዎ ያን ጊዜ ትዳር የያዙ ሰው ነበሩ። እማማ ታናሼን ባረገዘች ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስዳለች። እርስዎ ግን አላረገዙምና ማንም ጠርቶ አልከተበዎትም! በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ብዙ ወንዶች እንዲህ ተዘለው የቀሩ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእበትና ከእሾህ ጋር የሚውሉት ደግሞ እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎ፣ ቁስሉ ቢሽርም እንኳ፣ ጤና ጣቢያ ሄደው «እበት በነካው እጄ ላይ የእሾህ ቁስል ነበረብኝ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዴን አላውቅም፤ የስኳር ሕመምም አለብኝ» ብለው እንዲህ አሟልተው ይንገሯቸው። ከክትባቱ ጋር ፀረ መርዙም መርፌ ያስፈልግዎ እንደሆነ ቁስሉን አይተው እነርሱ ይወስናሉ። ተከትቦ ለማያውቅ ሰው ሁለተኛው መርፌ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከ6 ወር በኋላ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ብቻውን ስለማይበቃ ካርዱን ከመታወቂያዎ ጋር ያስቀምጡት።

የስኳሩን ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፤ እግሩም ስለሚደነዝዝ ሲቆረጥ አይሰማውም። እርስዎ ደግሞ ማለዳ በነጠላ ጫማ፣ አንዳንዴም በባዶ እግር፣ አዛባው ውስጥ እንደሚገቡ እማማ ነግራኛለች። የተረከዝዎ ንቃቃት ከጣትዎ ጭረት ይልቅ ሰፊ በር ነው። ማታ ማታ እግርዎን ታጥበው በጣቶች መካከል ጭምር ካደረቁ በኋላ እማማ መብራት ይዛ ውስጥ እግርዎን ትመልከትልዎት። ይህን ስጠይቅዎ ክብርዎን እንደማልነካ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጣትዎ እየቀላና እየሞቀ ካበጠ፣ መግል ከያዘ፣ ቀይ መስመር ወደ ክንድዎ ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። መንጋጋዎ ከከበደ ሰዓትም አይጠብቁ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ከጥጃዋ የተነሣ ተቅማጥ ቢይዝዎ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀን እስከ ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፤ ጤናማ ሰው ላይ በራሱ ያልፋል። ለእርስዎ ግን የፈሳሽ ማነስና የስኳር መዛባት አብረው ስለሚመጡ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በጥብጠው እየጠጡ በሁለተኛው ቀን ይታዩ፤ ደም ከተቀላቀለበት ደግሞ ወዲያውኑ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ እበት ነክቶኛል ብሎ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያድር ሰው የሚጎዳው እንቅልፍ በማጣቱ ነው።

ከእበቱ ይልቅ ፈጽሞ በባዶ እጅዎ እንዳይነኩ የምለምንዎ ሌላ ነገር አለ። ላሚቱ ስትወልድ የእንግዴ ልጁን ጎትተው ያወጡት እርስዎ እንደሆኑ ሰምቻለሁ። ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ በእንግዴ ልጅ፣ በሽርት ውኃና በተጨናገፈ ጽንስ ውስጥ ይኖራል፤ በተቧጠጠ ቆዳም፣ ባልፈላ ወተትም ይገባል፤ ሲመጣም የሚመላለስ ትኩሳትና የወገብ ሕመም ሆኖ ለወራት ስለሚቆይ ሰው በወባ ይሳሳተዋል። ወተቱን አፍልታችሁ ጠጡ። በድንገት ወድቆ የሞተ፣ በአፍና በአፍንጫው ደም የወጣው ከብት በመንደሩ ከታየ ደግሞ ቆዳው ያሳዝናል ብለው እንዳይገፉት፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

ለጥጃዋም የእንስሳት ሐኪሙን ያምጡላት፤ እስክትድን ከሌሎቹ ለይተው ይሰሯት፤ የታናሼ ልጆችም እስከዚያ ድረስ ጋጣው ውስጥ አይጫወቱ፤ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ከማድረግ ማን ያስቆማቸዋል? አዛባውን በአካፋ ይዛቁት፤ ከጋጣው ሲወጡ ጫማውን በሩ ላይ አውልቀው ወደ ቤት ይግቡ። እግረ መንገዴን፣ የፊታችን ኅዳር 12 ቆሻሻው ሲታጠን ኩበትና ጉድፉ የሚጨስበት ቦታ ላይ አይቁሙ፤ ሳልዎን አውቀዋለሁ።

እስከ ክርን የሚደርስ ወፍራም የጎማ ጓንት ሁለት ጥንድና በቁጥርዎ የተገዛ ቦቲ ጫማ ወደ ጎንደር በሚመለስ ዘመድ እጅ ልኬያለሁ። ጓንቱን ሲያወልቁ ውጪውን ሳይነኩ ወደ ውስጥ እየገለበጡ ያውልቁት፤ ከዚያም ቢሆን እጅዎን ይታጠቡ። ጓንቱ ከተቀደደ ይጣሉት እንጂ እንደ ልማድዎ በጎማ ማጣበቂያ አይጠግኑት።

የመጀመሪያውን መርፌ የወሰዱበትን ቀን በስልክ ያሳውቁኝ። ሁለተኛው ከኅዳር ጽዮን ማግስት ወዲህ ስለሚውል፣ ያን ጊዜ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁና ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን፤ ስለ ላሚቱም ያኔ ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ እስከዚያ ለገዢ ቃል አይስጡ።

እማማን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ