ዓድዋን የምታስተምሩ ስለ 1900ው አዋጅም አስተምሩ

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፦

የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ በቅርቡ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ፒያሳ የሚገኘውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ጎብኝታ ነበር። ማታ ቡና እያፈላሁ፣ አባቶቻችን በ1888 ዓ.ም. በቀለማቸው የናቋቸውን እንዴት እንዳሳፈሩ በኩራት ስታወራልኝ ቆየችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እማዬ፣ ቡዳ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። ለካስ ከጉብኝቱ መልስ፣ አያቷ ቀጨኔ ሸክላ የሚሠሩ አንዲት ልጅ ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት፣ አጠገቧ የነበሩት ልጆች «ትበላናለች» ብለው ምሳቸውን ሸፍነው ተነሥተዋል። ቡናው የሚፈላበት ጀበና ከዚያው ከቀጨኔ የተገዛ መሆኑ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ ያነጋገርኳቸው መምህር ልጆቹን «እንዲህ አይባልም» ብለው እንደገሠጿቸው፣ ከዚያ አልፈው ቢያስረዱ ግን የተኛ ነገር መቀስቀስ እንዳይሆንባቸው መስጋታቸውን ነገሩኝ። ስጋታቸውን አላቃልለውም፤ በዚህ ዘመን ስለ ዘር በሚወራበት ክፍል ቆሞ ማስተማር ከባድ ነው፤ አንዲት ቃል ብታመልጥ ወላጁ በነጋታው ርእሰ መምህሩ ቢሮ ይገኛል። ነገር ግን የአሥር ዓመት ልጆች ምሳ መሸፈንን የለመዱት ከእኛ ከወላጆቻቸው ነውና፣ ነገሩ መች ተኝቶ ያውቃል? (እኔ ራሴ ልጄን በጨቅላነቷ ነጠላ ሳልጥልባት ከቤት አላወጣኋትም፤ ከማን ዓይን እንደምሸሽጋት ግን ራሴን ጠይቄ አላውቅም።)

የዓድዋውን ዘመቻ የመሩት ዳግማዊ ምኒልክ ከድሉ 12 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ አንጥረኛውን «ጠይብ»፣ ሸማ የሚሠራውን «ሸማኔ» እያሉ በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። በቀለም መናቅን በጦር ሜዳ የመከቱት ንጉሥ፣ በገዛ ሕዝባቸው መካከል ያለውን ንቀት ለማስቆም አዋጅ ማስነገር ለምን እንዳስፈለጋቸው ልጆቹ ቢጠየቁ፣ «ሥራ ክቡር ነው» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ እጅግ የተሻለ ትምህርት ይሆናል ብዬ አምናለሁ። መምህሩን ለሚያሳስባቸው ጉዳይም መፍትሔ ያለው እዚሁ ነው። ባለ እጁን ማግለል የአንድ ብሔር ነውር ብቻ አይደለም፤ በአማራውም፣ በጉራጌውም፣ በወላይታውም፣ በካፋውም ስሙ ይለያያል እንጂ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው ወይም አዳኙ ከማዕድና ከጋብቻ ሲገለል ኖሯል፤ ስለዚህ በዚህ ትምህርት ማንም በማንም ላይ ጣቱን የሚቀስርበት ምክንያት የለም።

ጠቆር ያለ ልጅን «ባሪያ» ብሎ መሳደብም እንደዚሁ ከምንጩ ሊነገር ይገባዋል። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው፤ ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አዛውንቶች ዛሬም በየሰፈሩ አይጠፉም።

አጥብቄ የምቃወመው ግን፣ ከቅን ልቡና የመነጨ ቢሆንም እንኳ፣ የተሰደበችውን ልጅ ክፍሉ ፊት አስነሥቶ ማስተማሪያ ማድረግን ነው። አያቷንም እንደ ትርዒት መጥራት አይገባም፤ ይልቅስ ጭቃው እንዴት እንደሚቦካ፣ ጀበናው ያለ መሽከርከሪያ በእጅ እንዴት እንደሚበጅና በእሳት እንዴት እንደሚጠነክር በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እንደማንኛውም ዕውቀት ይነገር።

የከተማችን ትምህርት ቢሮ ከሚቀጥለው የየካቲት 23 በዓል በፊት ይህን አዋጅ ለማስተማር የሚረዳ አጭር መምሪያ ለመምህራን ቢያደርስ መልካም ነው። ያች ልጅ ከዚያን ዕለት ወዲህ ምሳዋን ብቻዋን፣ ለግድግዳ ፊቷን ሰጥታ እንደምትበላ ልጄ ትናንት ነግራኛለች።

የአንዲት ተማሪ እናት፣ ከአራት ኪሎ