ለልጄ ለሐያት፦ በጥር ወር ስለሞቱት ጠፈርተኞች

ጅማ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሐያት፣

አሰላሙ ዐለይኪ። እናትሽም እኔም ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። ባለፈው ሳምንት በስልክ ስለ ጠፈርተኞቹ ስናወራ «አባዬ፣ አጀላቸው፣ አላህ የወሰነላቸው የሞት ቀን፣ ደርሶ ነው እንጂ፣ ያን ያህል የተማረ ሰው ባለበት እንዴት እንዲህ ይሆናል?» ያልሽው ከጆሮዬ አልጠፋም። ያን ዕለት አጥጋቢ መልስ ስላልሰጠሁሽ፣ ዛሬ ጋራዡን ቀደም ብዬ ዘግቼ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ጠፈርተኞች የሞቱባቸው ሦስቱ ከባድ የናሳ፣ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት፣ አደጋዎች በእኛ አቆጣጠር ሦስቱም በጥር የደረሱ ናቸው። ጥር 19 ቀን 1959 ዓ.ም. ለአፖሎ 1 ጉዞ የሚለማመዱ ሦስት ሰዎች ገና ከመሬት ሳይነሡ፣ በንጹሕ ኦክስጅን የተሞላው ክፍላቸው በእሳት ተያያዘ፤ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነበርና ሊወጡ አልቻሉም። ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ደግሞ ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር ለማረፍ 16 ደቂቃ ያህል ሲቀራት ከነሰባት ተጓዦቿ ተበታተነች። ስትነሣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያዋ የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን ሲመታት በፊልም ታይቶ ነበር፤ መሐንዲሶች ክንፉ በሳተላይት ፎቶ ይታይልን ብለው ቢጠይቁም ሰሚ አላገኙም።

ስለ ሌላዋ መንኮራኩር ስለ ቻሌንጀር ግን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍልሽ እወዳለሁ፤ እሷን የጣላት በየቀኑ እጄ ላይ የሚውል ዕቃ ነውና። ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. በተነሣች በ73 ሰከንድ ሰማይ ላይ ፈረሰች። ከሰባቱ አንዷ፣ ክሪስታ ማኮሊፍ፣ ከ11,000 በላይ አመልካቾች መካከል የተመረጠች መምህርት ስትሆን፣ ከጠፈር ሆና ልታስተምር ስለነበር ብዙ ተማሪዎች በየክፍላቸው በቴሌቪዥን ያዩዋት ነበር። ጥፋቱ የጀመረው ከጎንና ጎን ካሉት ሮኬቶች በቀኙ መገጣጠሚያ ላይ፣ ትኩስ ጋዝ እንዳያሾልክ ከተቀመጠው ኦሪንግ፣ ከቀለበት ቅርጹ የጎማ ማሸጊያ፣ ነው። በሌሊቱ ብርድ ጎማው ጠንክሮ ስለነበር፣ ሮኬቱ ሲቀጣጠል ክፍተቱን በፍጥነት መድፈን አቃተው። ትናንት እኔም አንድ ኦሪንግ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሬ፣ ዛሬ ጠዋት አውጥቼ በጣቶቼ ደፈጠጥኩት፤ ስለቀውም ተደፍጥጦ ቆየና፣ መዳፌ ሲያሞቀው ነው ቀስ እያለ የተቃናው።

ሮጀር ቦይስጆሊ የተባለው የሮኬቱ መሐንዲስ ይህን አደጋ ከስድስት ወር በፊት ለአለቆቹ ጽፎ ነበር፤ በዋዜማውም ምሽት እሱና ባልደረቦቹ በዚህ ብርድ አትነሣ ብለው በስልክ ስብሰባ ተከራክረው ተሸነፉ። ልጄ፣ በአጀል አምናለሁ። ነገር ግን ሰው አይቶት፣ ጽፎት፣ ተናግሮት ያለፈውን ጥፋት አጀል ብሎ መሸፈን ለሟቾቹ ክብር አይመስለኝም፤ እነሱ የጠፈርን አደጋ ዐውቀው ተቀበሉ እንጂ፣ የሰውን ቸልተኝነት አልተቀበሉም።

ይህን የምልሽ ከሩቅ ሆኜ አይደለም። አንቺ ሳትወለጂ፣ እንዲሁ በጥር፣ ቡና የጫነ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሊነሣ ሲል ከኋላ ጎማው የፍሬን ዘይት ሲያንጠባጥብ አየሁ። ለባለንብረቱ ብነግረው «ጭነቱ ዘግይቷል፤ ሲመለስ ይሠራል» አለኝ። አንድ ጊዜ ተናግሬ ዝም አልኩ፤ ሾፌሩንና ረዳቱን ግን አላስጠነቀቅኳቸውም። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ፤ ሾፌሩ ከገደሉ አፋፍ ቢያተርፋትም ረዳቱ አንድ እግሩን አጣ። ሰው ሁሉ «ቀደር ነው» ብሎ አጽናናው፤ እኔም አብሬ አሜን አልኩ።

አንቺ በቅርቡ የአውሮፕላን ጥገና ወረቀት ላይ መፈረም ትጀምሪያለሽና ይህን ከእኔ አፍ እንድትሰሚው ፈለግሁ። ያ ረዳት ዛሬ ሂርማታ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጣል፤ ዘወትር ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አልፌ እጠይቀዋለሁ፤ እሱም የአንቺን ደህንነት ይጠይቀኛል። የፍሬን ዘይቱን ነገር ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። በዚህ ዓርብ ልነግረው ወስኛለሁ።

አባትሽ